በድመትና በሰው መካከል ስለሚተላለፍ ሮታቫይረስ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕዝብ ጤና ተቋማት፣ ለእንስሳት ጤና ቢሮዎች፣ የሮታቫይረስ ቅኝት ለሚያካሂዱ ላቦራቶሪዎችና ለሕፃናት ሐኪሞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በአንድ ቤት ውስጥ ሕፃንና ድመት በተቅማጥ ሲታመሙ የሁለቱም ናሙና ተወስዶ በአንድነት እንዲመረመር ስለ መጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለብዙ ዓመታት የቤት እንስሳትን ሳክም የቆየሁ የእንስሳት ሐኪም እንደ መሆኔ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንዲት እናት ያቀረበችልኝና ያን ቀን ልመልስላት ያልቻልሁት፣ እስካሁንም መልስ ያላገኘሁለት አንድ ጥያቄ ነው።

እናቲቱ ሁለት ወር ገደማ የሆናትን ግልገል ድመት በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ግልገሏን ለሦስት ቀናት ውሃ የመሰለ ቢጫ ተቅማጥ አጣድፏት ዓይኗ ሰርጉዶ ነበር፤ የማጅራቷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እየሰጠኋት ሳለ እናቲቱ የአሥር ወር ልጇ በዚያው ሳምንት በትውከትና በተቅማጥ ሆስፒታል ተኝቶ መውጣቱን፣ ሰገራው ተመርምሮም «ሮታ ነው» መባሏን ነገረችኝ። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ልጄ ነው ለእሷ ያስተላለፈባት ወይስ እሷ ናት ለልጄ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ከግልገሏ ሰገራ ጥቂት ወስጄ በፈጣን መመርመሪያ ላይ አደረግሁ። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ በመመርመሪያው መስኮት ላይ ሁለተኛዋ ቀይ መስመር ወጣች፤ ግልገሏም ሮታቫይረስ ነበረባት። የቀረውን ናሙና በማቀዝቀዣ አስቀምጬ፣ ልጁ ታክሞበት ወደ ነበረው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደውዬ ከልጁ ሰገራ የተረፈ እንዳለ ጠየቅሁ። ውጤቱ ከተመዘገበ በኋላ እንደ ደንቡ መወገዱን በትሕትና ነገሩኝ። በሠራተኞቹ ላይ የማነሳው ወቀሳ የለኝም፤ ደንቡ ያዘዛቸውን ፈጽመዋል። የእኔ ጥያቄ ከደንቡ ጋር ነው፤ ደብዳቤውም ስለ እሱ ነው።

የእናቲቱ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ለመመለስ አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያት በቫይረሱ ተፈጥሮ ውስጥ አለ። ሮታቫይረስ በሰው ላይ በሽታ አምጪ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ በሜልበርን ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ የተወሰደ ሥጋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ አገኙት። ቅርጹ መንኮራኩር ስለሚመስል መንኮራኩር የሚል ፍቺ ባለው የላቲን ቃል ተሰየመ። ቫይረሱ በሦስት የፕሮቲን ሽፋን የተከበበ ነው፤ በውስጡ ያለው ድርብ ክር አር ኤን ኤ ደግሞ አንድ ወጥ ሳይሆን በ11 ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ሁለት የተለያዩ ሮታቫይረሶች በአንድ ጊዜ አንድ የአንጀት ሕዋስ ውስጥ ከገቡ፣ ከዚያ ሕዋስ የሚወጡት አዳዲስ ቫይረሶች ከአንደኛው አምስት፣ ከሌላው ስድስት ቁራጭ፣ ወይም በሌላ መጠን የተቀላቀለ ውርስ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። የሰው ቫይረስና የድመት ቫይረስ በአንድ ሕፃን አንጀት ውስጥ ቢገናኙም የሚሆነው ይኸው ነው።

ላቦራቶሪዎች አንድን ሮታቫይረስ ለመለየት ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት በውጭኛው ሽፋን ላይ ያሉትን የሁለት ፕሮቲኖች፣ ማለትም የቪፒ7ንና የቪፒ4ን ዘረመል ነው። ቪፒ7 የ«ጂ» ቁጥርን፣ ቪፒ4 ደግሞ የ«ፒ» ቁጥርን ይሰጣል። በሰው ልጆች ዘንድ በብዛት የሚታዩት ጂ1ፒ8፣ ጂ2ፒ4፣ ጂ3ፒ8፣ ጂ4ፒ8፣ ጂ9ፒ8 እና ጂ12ፒ8 ናቸው። በድመቶች ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ጂ3ፒ9 እና ጂ3ፒ3 ናቸው፤ ጂ6ፒ9ም ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው ጂ3 የሚለው ቁጥር ብቻውን የቫይረሱን ምንጭ ሊነግረን እንደማይችል ነው፤ በሕፃንም በድመትም ላይ ይገኛልና።

ምንጩን የሚነግረን የሁሉም 11 ቁራጮች ንባብ ነው። ይህን የሚያስረዳው ዋናው ታሪክ የመጣው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከአንድ ታካሚ የተገኘ ኤዩ-1 የሚባል ሮታቫይረስ፣ በሰው ዘንድ ከሚታወቁት ዋና ዋና የቫይረስ ቤተሰቦች ጋር አልዛመድ ይል ነበር። ቶዮኮ ናካጎሚና ኦሳሙ ናካጎሚ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ የአንዱን ቫይረስ የአር ኤን ኤ ክር ከሌላው ክሮች ጋር በማጣመር፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ተመለከቱ። ኤዩ-1 የገጠመው ኤፍአርቪ-1 ከተባለው የድመት ሮታቫይረስ ጋር ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ የሚገኙ ሮታቫይረሶች በሦስት ቤተሰቦች ይመደባሉ፤ ሁለቱ ትልልቆቹ ዋ-መሰልና ዲኤስ-1-መሰል ሲባሉ ሦስተኛው ኤዩ-1-መሰል ይባላል። ከሰው ቫይረስ ቤተሰቦች አንዱ ከድመት ቫይረስ ጋር ዘር ይጋራል ማለት ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል ትልቅ ግኝት ከሠላሳ ዓመት በላይ ታውቆ ሳለ በሕፃናት ሕክምና ክፍል «ቤታችሁ ድመት አለ?» የሚል ጥያቄ አለመለመዱ ነው።

ኤዩ-1 ብቸኛው ምሳሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ከሰው የተገኘው ኤችሲአር3 እና በ1985 በእስራኤል የተገኘው አርኦ1845፣ ሙሉ ውርሳቸው ሲነበብ፣ በአውስትራሊያ ካት97 ከተባለው የድመት ቫይረስና ከአንዳንድ የውሻ ቫይረሶች ጋር በሁሉም 11 ቁራጮች ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ተገኝቷል። በ1996 በፓሌርሞ ከአንድ ሕፃን የተገኘው ፒኤአይ58 የተባለ ጂ3ፒ9 ቫይረስ ደግሞ ቢኤ222 ከተባለው የጣሊያን ድመት ቫይረስ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ፒኤአይ58 እና ቢኤ222 ከልዩ ልዩ ምንጮች የተውጣጣ ውርስ ያላቸው በመሆናቸው፣ መተላለፉ ብቻ ሳይሆን የቁራጮች መቀያየርም ጭምር ታይቶባቸዋል።

በእነዚህ ስሞች ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ዓለም አቀፉ የሮታቫይረስ ምደባ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ቫይረስ ሙሉ ስም ሲሰጥ የተገኘበትን ፍጥረት፣ አገሩን፣ መጠሪያውንና ዓመቱን ያካትታል። ኤዩ-1 በስሙ ውስጥ «ሰው» የሚል አለበት፣ ካት97 ደግሞ «ድመት» የሚል። ስሙ ናሙናው ከማን እንደተወሰደ ይመዘግባል እንጂ ቫይረሱ ከማን እንደመጣ አይናገርም። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «የሰው ሮታቫይረስ» ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ መነሻው ሰው ነው ብሎ መውሰድ ስሕተት ነው።

መጠኑን በሚመለከት ሚዛናዊ መሆን ይገባኛል። አብዛኛው የሕፃናት ሮታቫይረስ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ በሰው ቫይረሶች የሚተላለፍ ነው፤ ኤዩ-1-መሰል ቫይረሶች በሰው ላይ የሚታዩትም አልፎ አልፎ ነው። በሽታው ግን በየዓመቱ ሕፃናትን የሚገድል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት እ.ኤ.አ. ለ2008 በ453,000፣ ለ2013 ደግሞ በ215,000 ገምቷል። ቁጥሩ እየቀነሰ የመጣው ድርጅቱ በ2009 ለሁሉም አገሮች እንዲሰጥ የመከረው ክትባት በመስፋፋቱና የሕፃናት አያያዝ በመሻሻሉ ነው። ማንም ወላጅ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ጥፋቱ የድመት ነውና ክትባቱ አያስፈልግም ብሎ እንዳይረዳ አደራ እላለሁ። ክትባቱ በውስጡ በሌሉ ዓይነቶች የሚመጣን ከባድ ሕመም ጭምር በከፊል ይከላከላል፤ በወቅቱ ሊሰጥ ይገባል።

ይህ ከሆነ አልፎ አልፎ የሚከሰተው ነገር ለምን ያሳስበናል? ምክንያቱም የእንስሳ ቁራጭ አንድ ጊዜ ለሰው የተስማማ ቫይረስ ውስጥ ከገባ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የቪፒ7 ዘረመሉ የፈረስን የሚመስል ጂ3ፒ8 ቫይረስ ጃፓንንና አውስትራሊያን ጨምሮ በተለያዩ አህጉሮች በሕፃናት መካከል ተዛምቷል። ቁጥሩ ሲታይ ከቀድሞው የሰው ጂ3ፒ8 የሚለይ አልነበረም፤ ልዩነቱ የወጣው ውርሱ በዝርዝር ሲነበብ ነው። ሳይንቲስቶች ራሳቸው ይህንኑ የቁራጭ መቀያየር ለበጎ ተጠቅመውበታል፤ ሮታቴቅ የተባለው ክትባት የተሠራው የላም ቫይረስ የሰውን ውጫዊ ፕሮቲኖች እንዲይዝ ተደርጎ ነው። በላቦራቶሪ ሊደረግ የሚችለው በአንድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አብረው በሚውሉ ሕፃንና ግልገል ድመት አንጀት ውስጥም ሊሆን ይችላል።

የቤቱን ሁኔታ ቀርቦ ለሚያይ መንገዱ አጭር ነው። ግልገል ድመት ተቅማጥ ሲይዛት ከጅራቷ ሥር ያለውን ጠጉር በምላሷ ታጸዳለች፤ በዚያው ምላስ ጀርባዋንና መዳፎቿን ትልሳለች። ሕፃኑ ጀርባዋን ይዳብሳል፣ ወዲያውም ጣቱን አፉ ውስጥ ያስገባል። ሕመም ለማስያዝ እጅግ ጥቂት ቅንጣት፣ ከ10 እስከ 100 የሚገመት፣ ይበቃል ተብሎ ይታመናል፤ የታመመ ሕፃን ግን በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠር ቅንጣት ያወጣል። ቫይረሱ በወለልና በዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያል። ሕመሙ ከመታየቱ በፊትና ተቅማጡ ከቆመ በኋላም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በዚህ ላይ ድመቶች በተለይም ትልልቆቹ ቫይረሱን ይዘው ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። ለድመት የተዘጋጀ የሮታቫይረስ ክትባት የለም።

አሁን ደግሞ ምርመራችን ምን እንደማያይ እንመልከት። በሆስፒታልም በእንስሳት ክሊኒክም የምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ቪፒ6 የተባለውን የመካከለኛውን ሽፋን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በምድብ «ኤ» ሮታቫይረሶች ሁሉ ተመሳሳይነት ስላለው መመርመሪያው ለሕፃንም ለድመትም ይሠራል፤ በዚያው ምክንያት ግን ቫይረሱ የማን እንደሆነ አይለይም። የእናቲቱ ልጅና ግልገሏ ሁለቱም «ሮታ» ተብለዋል፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ከቃሉ ጀርባ ያለው ግን አንድ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ወደ ቅኝት ላቦራቶሪ የሚሄዱት ናሙናዎችም ቢሆኑ ከሆስፒታል ሕፃናት የሚመጡ ናቸው፤ በዘወትር ሥራ ከ11 ቁራጮች የሚነበቡት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ያልተለመደ ዓይነት ሲገኝ «ያልተለየ» ተብሎ ይቀመጣል። የድመቷን ናሙና የሚፈልግ ግን የለም፤ ድመቷ የሕዝብ ጤና ተቋሙ ተገልጋይ አይደለችምና፤ የእንስሳት ጤና ቢሮውም ትኩረቱ በአብዛኛው ሥጋና ወተት በሚሰጡ እንስሳት ላይ ነው።

የሁለቱ ናሙና በአንድነት ቢገኝ ኖሮ ለእናቲቱ ምን ብዬ ልመልስላት እችል እንደነበር ላስረዳ። ከልጁም ከግልገሏም ያገኘነው ኤዩ-1-መሰል ጂ3ፒ9 ቢሆንና 11ዱም ቁራጮች በጣም ቢቀራረቡ ቫይረሱ ከድመት ወገን መጥቶ ወደ ልጁ መሻገሩን በብዙ እርግጠኝነት መናገር ይቻል ነበር። ሁለቱም ላይ የሰው የሆነው ዋ-መሰል ጂ1ፒ8 ቢገኝ ደግሞ ልጁ ነው ለግልገሏ ያስተላለፈባት ለማለት ያስደፍር ነበር፤ ይህም ራሱ ለሳይንስ ጠቃሚ ዕውቀት ነው፤ የአብዛኛው ጥናት ትኩረት ከእንስሳ ወደ ሰው በሚሄደው መንገድ ላይ ስለሆነ። ልጁ ጂ1ፒ8፣ ግልገሏ ጂ3ፒ9 ቢኖራቸው ኖሮ አብረው መታመማቸው የአጋጣሚ ነገር ነበር፤ እናቲቱም ድመቷን በጥርጣሬ ከማየት ትድን ነበር። አራተኛው አማራጭ፣ ማለትም ከሁለቱ አንዳቸው ጥቂት የሰው ጥቂት የድመት ቁራጭ ተቀላቅሎ ቢገኝባቸው፣ ቅኝት ከሚያደርግ ላቦራቶሪ ሁሉ ዓይን ሊያመልጥ የማይገባው ነው። ከእነዚህ አራት መልሶች የትኛው እውነት እንደነበር ለማወቅ የሚያስፈልገን ዕቃ አንዲት ትንሽ የናሙና ብልቃጥ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በተቅማጥ የታመመ ሕፃን ሲታከም የሚሞላው ቅጽ ላይ በቤቱ ድመት ወይም ውሻ መኖሩንና ባለፉት ሁለት ሳምንታት መታመሙን የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመር። መልሱ «አዎ» ሲሆንና ሕፃኑ ሮታቫይረስ ሲገኝበት ናሙናው አይጣል፤ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፣ ወላጆችም ከፈቀዱ ከእንስሳዋ ናሙና እንዲወሰድ በአቅራቢያ ላለ የእንስሳት ሐኪም መልእክት ይላክ። እኛ የእንስሳት ሐኪሞችም በበኩላችን ሮታቫይረስ የተገኘባት ድመት በመጣች ቁጥር በቤቱ ሕፃን አለ ወይ ብለን የመጠየቅ ግዴታ አለብን፤ እኔ ራሴ እናቲቱ ሳትነግረኝ በፊት አልጠየቅኋትም። ጤነኛ የሆኑ ድመቶችንም፣ በተለይ ብዙ ድመቶች በአንድነት በሚጠለሉበት ቦታ፣ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል፤ የታመሙትን ብቻ የሚያይ ቅኝት ቫይረሱን በዝምታ የሚሸከሙትን አያያቸውም።

ሙሉ የዘረመል ንባብን በሚመለከት፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ይደረግ አልልም፤ ወጪውም የላቦራቶሪ አቅሙም የሚፈቅድ አይደለም። ከአንድ ቤት የተገኙ ጥንድ ናሙናዎች፣ «ያልተለየ» ተብለው የተቀመጡና ፒ9 ወይም ፒ3 የተገኘባቸው ቅድሚያ ቢያገኙ ብዙ ነገር ይታወቃል። የተነበበውም ቅደም ተከተል በሕዝብ የዘረመል ቋት ውስጥ ሲገባ የቤቱ አድራሻና የቤተሰቡ ማንነት ተሰውሮ፣ ነገር ግን ሁለቱ ናሙናዎች ከአንድ ቤት መገኘታቸው ተጠቅሶ ይመዝገብ። ይህች አንዲት ማስታወሻ ከጎደለች ጥንዱ ናሙና በቋቱ ውስጥ እንደ ሁለት እንግዶች ይቀመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የሰው፣ የእንስሳና የአካባቢ ጤና አንድ ነው በሚለው መርሕ በጋራ ለመሥራት ተስማምተዋል። ስምምነቱ በታላላቅ ወረርሽኞች ላይ ሲነገር እሰማለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ባሉ ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ላይም ሊሠራበት ይገባል።

አንድ ፍርሃት አለኝ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአደባባይ ሲነገር ሕፃን ያላቸው ቤተሰቦች ድመታቸውን ወደ ጎዳና እንዳያወጡ እሰጋለሁ። ተቋሞቻችሁ ለሕዝብ በምታወጡት መልእክት ይህን አስቀድማችሁ እንድትከላከሉ እለምናለሁ። የተጣለች ድመት በሽታውን ይዛ ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች እንጂ ማንንም አታድንም። ተቅማጥ የያዛት ግልገል እስክትድን ድረስ ከሕፃን መኝታና ከምግብ ማዘጋጃ ቦታ ተለይታ ብትቆይ፣ መጸዳጃዋን ሕፃን ያልያዘ አዋቂ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳ፣ የተበከለው ወለል በመጀመሪያ ታጥቦ ቀጥሎ በተበረዘ በረኪና ቢወለወል፣ የሕፃኑም የአሳዳጊውም እጅ በሳሙና ቢታጠብ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሕፃኑ ከታመመ ደግሞ ከድመቷ በፊት የሚታሰበው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በብዛት መስጠት፣ ጡት ማጥባትን አለማቋረጥ፣ ሐኪም ያዘዘውን ዚንክ ማስጨረስ እና ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከደከመ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

ግልገሏ በአምስተኛው ቀን ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ልጁም ደህና ነው። የግልገሏ ናሙና ቀንና ዕድሜዋ ተጽፎበት በምሠራበት ክሊኒክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገኛል። እናቲቱም ለምርመራ እንዲውል በጽሑፍ ፈቅዳለች። 11ዱንም ቁራጮች ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ላቦራቶሪ ቢጠይቀኝ በአስፈላጊው የማጓጓዣ ጥንቃቄ እልካለሁ፤ ውጤቱንም ለእናቲቱ ራሴ አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም